ቤቱ መሬት ውስጥ ሰመጠብኝ፦ ጎንደር ላለች ጀማሪ ድራፍተር የተሰጠ መልስ

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጎንደር ውስጥ ድራፍቲንግ፣ ማለትም የግንባታ ሥዕል መሥራት፣ ተምረሽ ጨርሰሻል። አንድ የዲዛይን ቢሮ ለፈተና ብሎ ተዳፋት ቦታ ሰጥቶሻል፣ በላዩ ላይ መኖሪያ ቤት እንድትሠሪ። ቤቱ ግን አንዴ መሬት ውስጥ ይሰምጥብሻል፣ አንዴ አየር ላይ ይንሳፈፍብሻል። «ይሄን ትቼ የሳሎንና የኩሽና ስሪዲ ብቻ ብሠራ አይሻልም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል።

አትተዪው። ሳሎን አሳምሮ የሚያቀርብ ልጅ ሞልቷል። ጎንደር ላይ ግን ሜዳ ቦታ እንደ ልብ አይገኝም። ከጎሃ ተራራ ላይ ቆመሽ ቁልቁል ብታዪ፣ ከመንገዱ ሲታይ ባለ ምድር፣ ከጓሮው ሲታይ ባለ ፎቅ የሆነ ቤት አታጪም። የዚህ ከተማ ቢሮ የዕለት ሥራው ተዳፋት ነው። ከፍታ የገባው ሰው ሲያገኝ አይለቀውም።

አሁን ወደ ችግርሽ። በላክሽው ሥዕል ላይ ቀያሹ የሰጠሽ ቁጥር 2142.60 ሜትር ይላል። ይህ ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ ነው። የቤትሽ ወለል ደግሞ ሶፍትዌሩ ሲከፈት በነበረበት ዜሮ ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ለኮምፒውተሩ ቤትሽ ሁለት ኪሎ ሜትር ከመሬት በታች ተቀብሯል። ያንን ለማስተካከል ብለሽ ወለሉን ሽቅብ ስትጎትቺ ግድግዳው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ደረጃውም ይበጣጠሳል። ወለሉን አትንኪው። ቤቱ ዜሮው ላይ ይቀመጥ፣ የሚወርደው መሬቱ ይሁን።

ይህን የምትወስኚው ግን ሶፍትዌሩን ከመክፈትሽ በፊት፣ በወረቀት ነው። ቦታሽ 20 ሜትር ይረዝማል። መንገዱ ያለው በላይኛው በኩል ነው፣ እዚያ መሬቱ 2142.60 ነው። የታችኛው ጓሮ 2139.90 ነው። ልዩነቱ 2 ሜትር ከ70። ከመንገድ በኩል በሦስት ደረጃ ልግባ ብለሽ 45 ሳንቲም ከፍ በዪ። የሳሎንሽ ወለል 2143.05 ላይ ይውላል። ሳይት ላይ «ፕላስ ማይነስ ዜሮ» የሚሉት እሱን ነው። እንግዲህ መሬቱን ከዚያ ቀንሺ፦ የላይኛው ጥግ ማይነስ 0.45፣ የታችኛው ጥግ ማይነስ 3.15። ሶፍትዌሩ ላይ የምትጽፊው እነዚህን ነው።

ቁጥሩን ደግመሽ እንድታዪው እፈልጋለሁ። በጓሮ በኩል ወለልሽ ከመሬት 3 ሜትር ከ15 ከፍ ብሏል። ያንን ሁሉ በሙሌት ከመድፈን ምድር ቤት አድርጊው። ወለሉን ማይነስ 3.00 ላይ ብታደርጊ ከጓሮው መሬት 15 ሳንቲም ከፍ ይላል፣ ዝናብም አይገባበትም። ባለቤቱ የሚከራይ ክፍል አገኘ ማለት ነው። ፈታኞቹ ይህን አይተሽ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልጉ ይመስለኛል።

ከወለል ወለል 3 ሜትር ነው፣ ደረጃውን ለ18 ብታካፍዪው አንዱ ወደ 16.7 ሳንቲም ይወጣል፣ ለእግር ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። 3 ሜትሩ ካለቀለት ወለል እስካለቀለት ወለል መሆኑን በግልጽ ጻፊ። ሶሌታው (የወለሉ ኮንክሪት) የሚሞላበት ከፍታ ሌላ ነው፣ ሊሾውና ሴራሚኩ ገና ከላዩ ይመጣል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ በር አልከፈት ይላል፣ የመጀመሪያዋና የመጨረሻዋ ደረጃም ከሌሎቹ ጋር አይመጣጠኑም።

ቀጥሎ የመሬቱ መስመር። አንዳንድ ሶፍትዌር ከቤቱ ሥር ያለውን መሬት ራሱ ደልድሎ ያሳይሻል። ሥዕሉ ያምራል፣ ግን ቁፋሮውን ይደብቃል። ሴክሽንሽ ላይ፣ ማለትም ቤቱ ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ በሚታይበት ሥዕል ላይ፣ የተፈጥሮውን መሬት በተቆራረጠ መስመር፣ ሥራው ሲያልቅ የሚኖረውን ደግሞ በድፍን መስመር አስቀምጪ። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ የባለቤቱ ገንዘብ ነው፤ ቁፋሮውና ሙሌቱ የሚሰላው ከዚያ ነው። በላይኛው በኩል ያለው የምድር ቤት ግድግዳ አፈር ይሸከማል። ተራ የብሎኬት ግድግዳ አድርገሽ አትሳዪው፣ መሐንዲስ የሚያሰላው የድጋፍ ግንብ መሆኑን አመልክቺ። የሐምሌና የነሐሴ ጎርፍም የሚመጣው ከዚያው በኩል ስለሆነ፣ በግንቡ ጀርባ ውሃው የሚሄድበት መንገድ ይኑረው።

የትኛውን ሶፍትዌር ልያዝ ላልሽው፣ ቢሮው የሚጠቀምበትን ጠይቀሽ እሱን ያዢ። ሬቪት ላይ ሌቭል (የወለሉ ከፍታ መስመር) የሚሠራው ኤሌቬሽን (ቤቱ ከውጭ በጎን ሲታይ ያለው ሥዕል) ወይም ሴክሽን ላይ ሆነሽ ነው፣ ፕላን ላይ ብትፈልጊው አታገኚውም። ከ2024 ቅጂ ጀምሮ መሬት የሚሠራበት መሣሪያ ቶፖሶሊድ ይባላል። አርኪካድ ላይ መሬቱን ሜሽ በሚባለው መሣሪያ ትሠሪዋለሽ። ነፃ የሆነው ስዊት ሆም ስሪዲ ፎቆችን ከነከፍታቸው ለመለማመድ ይበቃሻል፣ ለተዳፋት ግን አልተሠራም። የትኛውንም ብትይዢ መጀመሪያ መለኪያው በሜትር ነው በሚሊ ሜትር ወይስ በጫማ (ፊት) የሚለውን እዪ።

ለፈተናው ብዙ የሚያብረቀርቅ ምስል አትውሰጂ። ሳይት ፕላን፣ የሁለቱን ወለል ፕላን፣ ከመንገድ እስከ ጓሮ የሚቆርጥ አንድ ሴክሽን። ሴክሽኑ ላይ እያንዳንዱ ወለልና የመሬቱ ሁለቱም ጫፍ ቁጥር ይኑራቸው። በዜሮው አጠገብ 2143.05 ብለሽ ጻፊ፣ ቀያሹና ግንበኛው የሚገናኙት እዚያ ነው። ለምን እዚያ እንዳደረግሽው ይጠይቁሽ ይሆናል። መንገዱን፣ ጓሮውንና ውሃውን አንስተሽ አስረጂ።

እስከዚያ ድረስ ሰፈርሽ መሠረት የሚወጣበት ቤት ካለ ጎራ በዪ። ፎርማኑን አስፈቅደሽ የውሃ ልክ ቱቦውን አንዱን ጫፍ ያዢላቸው። ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ሲቆም ግንበኛው በእርሳስ ምልክት ያደርጋል፣ ከዚያ እየለካ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። አንቺ ስክሪን ላይ የምትጽፊያቸው ቁጥሮች የሚለኩት ከዚያ ምልክት ነው።

ስለ ላፕቶፑም ጠይቀሽ ነበር። ለጊዜው አትግዢ። ውድ ማሽን የሚፈልገው ሬንደር (ሥዕሉን ፎቶ አስመስሎ ማውጣት) ነው፤ ለዚህ ፈተና በያዝሽው መሥራት ትችያለሽ።