ማክሰኞ ጠዋት የሚመጣ ሰው

እህቴ፣ ለአንድ ዓመት የብሔራዊ በጎ ፈቃድ አገልግሎት በአዲስ አበባ ዳርቻ ባለ የአረጋውያን መርጃ ተመድበሽ በጎ ፈቃደኞችን እንድታስተባብሪ እንደተነገረሽ ገልጸሽ፣ ሰው ከየት እንደሚገኝና ከተገኘ በኋላ እንዴት እንደሚቆይ ጠይቀሻል። እኔም የሰላም ሚኒስቴር በ2013 ዓ.ም. በጀመረው መርሐ ግብር ከጎጃም መጥቼ፣ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወዲያ ባለ ተመሳሳይ ማዕከል ዓመቱን በዚሁ ሥራ ስላሳለፍሁ ያየሁትን ልጻፍልሽ።

ሰው ማግኘት ብዙ አያስቸግርሽም፤ በተለይ በበዓል ሰሞን እንዲያውም ይተርፍሻል። በገና ዕለት ሦስት ቡድኖች ተከታትለው መጡብኝ። ሁሉም ዳቦና ለስላሳ ይዘዋል፣ ሁሉም አረጋውያኑን ማጠብና ጢማቸውን መላጨት ይፈልጋሉ፤ እኔም የመጣን ሰው ከበር መመለስ ነውር መስሎኝ አንዱንም አልከለከልሁም። ከሰዓት በኋላ ሦስተኛው ቡድን አረፋ ሊቀባቸው ሲቀርብ አንድ አባት አገጫቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው፣ «ልጄ፣ ዛሬ ስላጭ ሦስተኛዬ ነው፤ ለፋሲካም ትንሽ አስተርፉልኝ» አሉኝ። በሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ አሥራ አራት አንሶላ ተነክሮ አጣቢዋ ብቻዋን ነበረች። ከዚያ በኋላ ለበዓል አንድ ቡድን ብቻ እየተቀበልሁ፣ ለሌሎቹ ከበዓሉ በኋላ ያለውን ሳምንት እሰጥ ጀመር። ቅር ያላቸው ነበሩ፤ በሰጠኋቸው ቀን የመጡት ግን ዓመቱን ሙሉ አልተለዩኝም።

መጀመሪያ የመዘገብኋቸው በአብዛኛው ከመሀል ከተማ የሚመጡ ወጣቶች ነበሩ። ከፒያሳ ወይም ከአስኮ የሚነሣ ልጅ ሁለት ሦስት ታክሲ ይቀያይራል፤ ከወረደም በኋላ የመጨረሻው መንገድ አስፋልት ስለሌለው በሐምሌ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ጎበዝ ጎበዞቹ አንድ በአንድ «አሞኝ ነው» እያሉ ሲቀሩ ስንፍና መስሎኝ ታዝቤአቸው ነበር። እውነቱን የነገረችኝ አንዲት ተማሪ ናት፤ የምትከፍለው የታክሲ ሒሳብ አልነበራትም፣ ያንን ከመናገር ደግሞ መታመም ቀሎባታል። ወጪው እንዲሸፈን ስጠይቅ የሒሳብ ክፍሉ ወዲያው እሺ አላለኝም። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢያቸው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚደነግግ፣ አዲስ ወጪ በመጣ ቁጥር ከየትኛው መደብ እንደሚመዘገብ መነጋገር ግድ ነው። ስለዚህ የትራንስፖርቱን ጉዳይ በመጀመሪያው ሳምንትሽ አንሺው፤ ልጆቹን ደግሞ በሰው ፊት ሳይሆን ለየብቻ ጠይቂያቸው።

እኔን ከችግር ያወጣኝ ግን በማዕከሉ አቅራቢያ ያለው የኮንዶሚኒየም እድር ነው፤ ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አራት ወር ባላባከንሁ። እድርተኞች ተራ ማውጣት፣ ስም መጥራት፣ የቀረውን መጠየቅ፣ መቀጮ ማስከፈል ከእኔ ይልቅ ያውቁበታል፤ በዩኒቨርሲቲ ግቢ የወሰድሁት ሥልጠና ያላስተማረኝን ጸሐፊያቸው በአንድ ደብተር አሳዩኝ። ከዳኛውና ከጸሐፊው ጋር ቡና ላይ ተነጋግረን፣ በእግራቸው አሥር ደቂቃ የሚመጡ ስምንት እናቶች በየማክሰኞው ሁለት ሁለት ሆነው እንዲገቡ ተስማማን። አንዷ መቅረት ካለባት ምትክ የምትፈልገው ራሷ ናት። ይህች አንዲት ደንብ ከእሑድ ማታ የስልክ ልመና ገላገለችኝ።

ሰዓቱንም በጾሙ ልክ ስፊው። በሁዳዴ 55 ቀናት ብዙዎቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምሱም፤ በፍልሰታ ቅዳሴው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ በረመዳንም የጾመን ሰው ከሰዓት በኋላ አረጋዊ ከአልጋ አንሣ ማለት አይገባም። ጉልበት የሚጠይቀውን ሁሉ ከጠዋቱ አንድ እስከ አራት ሰዓት ጨርሰሽ፣ ጥፍር መቁረጡንና ማጫወቱን ለከሰዓት ማቆየት ይሻላል።

ስለ ስልክ አጥብቄ እመክርሻለሁ። አንድ ልጅ ከአረጋውያኑ አንዲቱን እናት ሲያጎርስ የተነሣው ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ተለቅቆ፣ ዘመዶቻቸው ከክፍለ ሀገር ደውለው አለቀሱ፤ እናትዬዋ ያሉበትን ሁኔታ ከዘመድ ደብቀው ኖሮ ለብዙ ቀናት ከማንም ጋር አልተነጋገሩም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ክልክል መሆኑን ለልጁ አልነገርሁትም። ከዚያ ወዲያ ስልክ በበሩ ቅርጫት ውስጥ ይቀር ጀመር። በዚህ ተቆጥተው የቀሩ ቡድኖች አሉ፤ እንዲመለሱ አልለመንኋቸውም።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት ለርክክብ አውያቸው። አባቴን በልጅነቱ ያስተማረው፣ በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ ዓመት ሊያገለግል የተላከ ተማሪ ነበር። መምህሩን እስከ ዛሬ ያመሰግነዋል፤ በዓመቱ የመጣው ተተኪ ግን ክፍሉ የት እንደደረሰ የሚነግረው ሰው አጥቶ ሒሳቡን ከመደመር እንደ ገና ጀመረ እያለ ያስቃል። እኔ የሁሉንም ስም፣ የሚችሉትን ቀን፣ ማን ከማን ጋር መመደብ እንደሌለበትና የትኞቹ አባት በማን እጅ ብቻ እንደሚታጠቡ በአንድ ደብተር ጽፌ፣ ግልባጩን ለማዕከሉ፣ ዋናውን ለእድሩ ጸሐፊ ሰጥቼ ወጣሁ። ባለፈው ስደውልላቸው ማክሰኞ አሁንም በተራው እንደሚሸፈንና ደብተሩ አልቆ ሁለተኛ እንደገዙ ነገሩኝ።