ጆርናሉን ከመግለጫው ሳይሆን ካተማቸው ርዕሶች እወቂው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ጂን ላይ 180 ታማሚዎችንና 180 ጤነኞችን አወዳድረሽ ልዩነት አግኝተሻል። የጀነቲክስ ጆርናሎች ምን ላይ እንደሚያተኩሩ፣ አሁን ወዴት እያዘነበሉ እንደሆነና ያንቺን ጽሑፍ የት ብትልኪ እንደሚሻል ትጠይቂያለሽ። እኔም ያለፍኩበት መንገድ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ጽሑፌ ካንቺው ጋር ይመሳሰል ነበር። አንድ ጂን፣ አንድ የዲኤንኤ ፊደል ለውጥ፣ ጥቂት መቶ ሰው። ፒ ቫልዩው (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ) 0.03፤ ከተለመደው 0.05 በታች። የጆርናሉ መግለጫ «ሁሉንም የጀነቲክስ ዘርፎች እንቀበላለን» ይላል። ደስ ብሎኝ ላክሁ። በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ለገምጋሚ እንኳ አልደረሰም። ኤዲተሩ የጻፈው ሁለት መስመር ነው፤ ውጤቱ በሌላ፣ ራሱን በቻለ ናሙና አልተደገመም የሚል። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ሥራ ነበርና በጣም ከፋኝ።

ከዚያ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቀላል ነገር አሳየችኝ። «መግለጫውን ተወውና ባለፉት ሁለት ዓመታት ያተሙትን ርዕስ በሙሉ አንብብ» አለችኝ። ደብተር ላይ አራት ዓምድ አሰመርኩ። የተጠናው ፍጡር ምንድን ነው? ጥያቄው ምንድን ነው? ናሙናው ስንት ነው? ከመጀመሪያው ውጤት ሌላ ምን ማስረጃ ቀረበ? ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። አራተኛው ዓምድ ላይ አንድም ባዶ ቦታ አልነበረም። የእኔን ጽሑፍ ባስገባው ግን እዚያ የምጽፈው ነገር የለኝም። የዚያኑ ጆርናል ከአሥር ዓመት በፊት የወጡ እትሞች ስገልጥ ደግሞ እንደኔ ዓይነት ጽሑፍ ሞልቷል። መግለጫው ያው ነው፤ የተለወጠው በቂ የሚባለው የማስረጃ ልክ ነው።

ለምን እንደተለወጠ ማወቅ ይጠቅምሻል። ድሮ ተመራማሪው «ይህ ጂን ከበሽታው ጋር ሳይያያዝ አይቀርም» ብሎ ይገምትና እሱን ብቻ ይመረምር ነበር። ብዙዎቹ ውጤቶች ሌላ ቡድን ሲሞክራቸው ጠፉ። በኋላ ጂኖሙን፣ ማለትም የሰውን ዲኤንኤ፣ በሙሉ በአንዴ መቃኘት ተቻለ። በ2007 የታተመው የብሪታኒያ ጥምር ጥናት 7 በሽታዎችን ሲያጠና ለእያንዳንዳቸው 2,000 ያህል ታማሚዎች፣ ለሁሉም በጋራ ደግሞ 3,000 ጤነኞች ነበሩት። እንዲህ ዓይነት ቅኝት አንድ ሚሊዮን ያህል ራሳቸውን የቻሉ ፈተናዎችን እንደ ማካሄድ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ 0.05 ለአንድ ሚሊዮን ይካፈላል። 0.00000005 የሚለው ልክ የመጣው ከዚህ ነው። አንድ ጂን ብቻ ስላጠናሽ ይህ ቁጥር በቀጥታ አይመለከተኝም ትይ ይሆናል። ግን ኤዲተሩ ዓይኑ የለመደው እሱን ነው። ዩኬ ባዮባንክ የተባለው የብሪታኒያ የጤናና የዘረመል መረጃ ቋት ብቻውን የ500,000 ሰው መረጃ በያዘበት ጊዜ 360 ሰው ብቻውን ሲመጣ «ሌላስ?» ማለቱ አይቀርም።

ትልቅ ናሙናም ቢሆን አሁን ብቻውን አይበቃም። ኤፍቲኦ የሚባለውን ጂን ተመልከቺ። በ2007 ከሰውነት ክብደት ጋር የተያያዙ ለውጦች እዚህ ጂን ውስጥ ተገኙ። ለውጦቹ ያሉት ግን ፕሮቲን በማይጻፍበት የጂኑ ክፍል ላይ ነው። ብዙ ተመራማሪ ኤፍቲኦን ሲያሳድድ ቆየ። በ2014 እና በ2015 የወጡ ጥናቶች ግን ያ ቦታ ራቅ ብለው ያሉትን አይአርኤክስ3 እና አይአርኤክስ5 የተባሉ ጂኖች እንደሚቆጣጠር አሳዩ። ለውጡ አንድ ጂን ውስጥ ተቀምጦ ሥራው ሌላ ጂን ላይ ነው! ከዚህ በኋላ ገምጋሚዎች «የት ተገኘ?» ብለው አያቆሙም። በየትኛው ህዋስ፣ በየትኛው ጂን በኩል፣ እንዴት እንደሚሠራ ይጠይቃሉ። የዘርፉ ትልቁ ማዘንበል ይሄ ይመስለኛል።

ጆርናሎቹ ደግሞ እንደ ሰው የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። «ጀነቲክስ» የተባለውን አሜሪካዊ ጆርናል እንውሰድ። በ1916 ሲጀምር የመጀመሪያው እትም ላይ ካልቪን ብሪጅስ ጂኖች በክሮሞሶም ላይ መሆናቸውን በፍራፍሬ ዝንብ ያረጋገጠበት ሥራ ወጣ። ሲድኒ ብሬነር ሲ. ኤሌጋንስ የምትባለዋን ትንሽ ትል ለዘረመል ምርምር ያስተዋወቀበት የ1974 ጽሑፍም እዚያው ነው። ዛሬ እንስሳትና ሰብል ለማዳቀል የሚሠራበት የጂኖም ምርጫ ሐሳብም በ2001 እዚያው ታተመ። ዝንብ፣ ትል፣ እርሾ፣ የሕዝቦች ዘረመል ስሌት፤ ቤቱ ይሄ ነው። ከሆስፒታል የተሰበሰበ የአንድ ጂን ጥናት እዚያ ብትልኪ ጥሩም ሆኖ ይመለሳል። በ2011 የተወለደው እህት ጆርናሉ ጂ3 ደግሞ የሚጠቅም መረጃ እስከሆነ ድረስ «ዓለምን ይለውጣል ወይ?» ብሎ አያስጨንቅም። ከ1949 ጀምሮ የሚታተመው የአሜሪካ የሰው ዘረመል ጆርናል ስሙ እንደሚለው የሰው ነው። በ1992 የተጀመረው ኔቸር ጀነቲክስ ላይ በብዛት የምታዪው የትልልቅ የምርምር ጥምረቶችን ሥራ ነው።

«በዚህ ሕዝብ ላይ ማንም አልሠራም» የሚለው መከራከሪያ ይሠራል ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። በከፊል ይሠራል። እስካሁን በጂኖም ቅኝቶች ውስጥ የተካተተው ሰው በጣም አብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ያለው ነው። ይህ ክፍተት ኤዲተሮችንም ያሳስባቸዋል። ግን «የመጀመሪያ ነው» ማለት አይበቃም፤ ያ ሕዝብ ሌላ ቦታ የማይታይ ምን እንዳሳየ መናገር አለብሽ። እኔ ሁሌ የምጠቅሰው በ2005 ኔቸር ጀነቲክስ ላይ የወጣውን ፒሲኤስኬ9 የተባለውን ጂን ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል በጣም ዝቅ ያለባቸውን 128 ሰዎች ጂን አነበቡ። ከአፍሪካዊ ዝርያ አሜሪካውያን 2 በመቶ ያህሉ ጂኑን የሚያሰናክል ለውጥ እንዳላቸው፣ ኮሌስትሮላቸውም በ40 በመቶ ገደማ ዝቅ ያለ መሆኑን አገኙ። ለውጦቹ በአውሮፓ ዝርያዎች ላይ እጅግ ብርቅ ናቸው። በ2015 የዚህን ጂን ፕሮቲን የሚያግዱ መድኃኒቶች ተፈቀዱ። የተነበበው ጂን የ128 ሰው ነው፤ ጥያቄው ግን በትክክለኛው ሰው ላይ ተጠይቋል፤ ውጤቱም በትልቅ ናሙና ተፈትኗል።

ሰሞኑን ብዙዎች ከኮምፒውተር ሳይነሱ፣ ይፋ የሆነ ዳታ ወስደው፣ የሜንደሊያን ራንደማይዜሽን (በዘረመል ልዩነት ተጠቅሞ አንድ ነገር የሌላው መንስኤ መሆኑን የሚፈትሽ ዘዴ) ጽሑፍ በፍጥነት ያወጣሉ። ዘዴው ራሱ ጥሩ ነው። ጎርፉ ግን ስለበዛ አንዳንድ ጆርናሎች ተጨማሪ ማስረጃ የሌለውን አንቀበልም ማለት ጀምረዋል። እዚያ እንዳትገቢ እመክርሻለሁ። ስለ ኢምፓክት ፋክተር ብዙ አልልም፤ የአንድ ጆርናል ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ በሌሎች እንደተጠቀሱ የሚያሳይ ነው፣ ያንቺን ሥራ አይለካም።

ሠንጠረዦችሽን ግን አደራ። ሁለተኛው ጽሑፌ ላይ ገምጋሚው «214ኛው ረድፍ ላይ ያለው 2-ሴፕ ምን የሚባል ጂን ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። ሴፕት2 የሚለውን የጂን ስም ኤክሴል ቀን መስሎት ወደ ሴፕቴምበር 2 ቀይሮት ነበር። ይህ የብዙዎች ችግር ነው። በ2016 የወጣ ጥናት የጂን ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙ ጽሑፎች ውስጥ ከአምስት አንድ ያህሉ እንዲህ ዓይነት ስህተት እንዳለባቸው አሳየ። በ2020 የጂን ስያሜ ኮሚቴው እነዚህን ስሞች ራሳቸውን እንደቀየራቸው ይፋ ሆነ። ስለዚህ ከመላክሽ በፊት የጂን ስሞቹን ዓምድ «ጽሑፍ» አድርጊው።

አሁን ወደ ያንቺ 360 ሰዎች። ከሁሉ በፊት ጤነኞቹ ላይ ሃርዲ ዋይንበርግን (ከሁለቱ የዲኤንኤ ፊደሎች ብዛት ተነስቶ እያንዳንዱ ጥንድ በስንት ሰው ላይ መገኘት እንዳለበት የሚነግረውን ስሌት) አስይ። ለምሳሌ ፊደሎቹ ሲ እና ቲ ሆነው ከ180ዎቹ 90 ሲሲ፣ 60 ሲቲ፣ 30 ቲቲ ቢሆኑ የሚጠበቀው 80፣ 80፣ 20 ነው። የሲቲዎቹ ቁጥር በ20 ጎድሏል፤ ካይ ስኩዌሩ (ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደራቀ የሚለካው) 11.25 ይመጣል፤ ትልቅ ነው። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የላብራቶሪ ንባቡ ነው። ገምጋሚው ይህን ስሌት በሦስት ደቂቃ ይሠራዋል። ይህን ካለፍሽ ለውጡን ጂኖምኤዲ (የብዙ ሰዎች የዲኤንኤ ለውጦች የተሰበሰቡበት ይፋ ቋት) ላይና የጂኖም ቅኝት ካታሎጉ ውስጥ ፈልጊው። ከዚያ ተመሳሳይ በሽታ የሚያጠና ሌላ ቡድን ጋር ጻፊ።

እኔ እንደዚያ አድርጌ ናሙናችን 1,400 ሰው ሲደርስ ያ 0.03 ጠፋ። አዝኜ ነበር። ግን «ግንኙነት አልተገኘም» ብለን በግልጽ ጻፍነው፤ ሥራው በትክክል እስከተሠራ ድረስ አሉታዊ ውጤት የሚቀበል ጆርናል አገኘን፤ ታተመ።

የጂኑን ስምና የጄኖታይፕ ቆጠራውን (እንደ ሲሲ፣ ሲቲ፣ ቲቲ ያሉት በስንት ሰው እንደተገኙ) እዚህ ለጥፊልን። ስሌቱን አብረን እንሠራዋለን፤ ከዚያ የሦስት ጆርናሎችን ርዕሶች ተከፋፍለን እናነባለን።