ምስክሩ ሁለት ሰዓት ይላል፣ ሲስተሙ አምስት

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ንግድ ውል፣ ስለ ሶፍትዌርና ስለ ጥብቅና ሙያ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ፣ ጠያቂውን የሚያሳውቀውን ሁሉ አውጥቼ አቅርቤአቸዋለሁ።

ከሸዋሮቢት የጻፉልኝ የማሾ ነጋዴ ናቸው። ለአዲስ አበባ ገዢ አንድ አይሱዙ ሙሉ ማሾ ጭነው ቼክ ተቀበሉ። ገዢው “ሒሳቤ ውስጥ ገንዘብ እስኪገባ ባንክ አትሂድ፣ ትንሽ ታገሰኝ” እያለ አራት ወር አሳለፋቸው። አሁንስ ምን ላድርግ ይላሉ።

ከዚህ በላይ አይታገሡ። ቼክ በወጣ በ6 ወር ውስጥ ለባንክ መቅረብ አለበት። ነገ ጠዋት ባንክ ይሂዱ፤ ገንዘብ ከሌለው ባንኩ በቂ ስንቅ የለውም ብሎ በጽሑፍ ይመልስልዎት። ያ ወረቀት በእጅዎ ሲገባ ሁለት መንገድ ይከፈትልዎታል። አንዱ የወንጀል ነው፤ ደረቅ ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስጠይቃል። ሌላው ገንዘብዎን የሚያስመልሱበት የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። የተጠየቀው ገንዘብ በቼኩ ላይ ቁልጭ ብሎ ስለተጻፈ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 284 መሠረት በአጭር ሥነ ሥርዓት እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ወጥቷል ብሎ የሚያስፈራራዎት ካለ አይስሙት፤ ስለ ቼክ የሚደነግገው የ1952ቱ ሕግ ክፍል ዛሬም ይሠራል። ደግሞ አደራ፣ “ቼኩን መልስልኝና ሌላ ልጻፍልህ” ቢልዎት ዋናውን ቼክ ከእጅዎ እንዳያወጡ።

ከጫጫ በጠበቃና በነገረ ፈጅ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው የሚል ጥያቄ መጥቷል።

ጠበቃ ፈቃድ አውጥቶ ለተለያየ ደንበኛ ይቆማል፤ ነገረ ፈጅ ተቀጥሮ ለሚሠራበት ድርጅት ብቻ ይከራከራል።

ከደብረ ሲና የጻፉት አባት ለአክስታቸው ልጅ ሱቅ መክፈቻ 80 ሺህ ብር በቴሌብር ልከዋል። ልጁ አሁን “ለእርዳታ የሰጠኸኝ ነው” ይላል። የቴሌብር መልእክቱ አለኝ፣ ምስክሮችም አሉኝ፣ አይበቃም ወይ ነው ጥያቄያቸው።

መልእክቱ ብሩ ከእርስዎ ወጥቶ እሱ ዘንድ መግባቱን ያሳያል። ብድር ይሁን ስጦታ ግን አይናገርም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው ይላል። 500 ብር ሕጉ በወጣበት በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ቁጥሩ ግን እስከዛሬ ያው ነው። ስለዚህ በምስክር ብቻ አይሄዱበት። ይልቅ ስልክዎን ይፈትሹ። “ብድሩን ለሰኔ እመልሳለሁ” ብሎ በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት የጻፈልዎት ነገር ካለ ትልቅ ነገር ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም ስለሚል፣ በዚያ ላይ ቆሞ መከራከር ይቻላል። መልእክቱን አያጥፉ፣ ስልኩንም አይሽጡ። ከክሱ በፊት ደግሞ ዘመድ ናችሁና ሽማግሌ ይላኩ፤ ልጁ ካመነ እዚያው በሁለት ምስክር ፊት ወረቀት ይፈርም። ለቀረው ጠበቃ ያማክሩ።

ከደብረ ብርሃን አንዲት የክሊኒክ ባለቤት የበሽተኛ ካርድና ሒሳብ የሚይዝ ሶፍትዌር አሠርታለች። ሠሪው ግማሹን ክፍያ ወስዶ፣ ሥራውን ግማሽ ላይ አቁሞ፣ የአድሚን ፓስዎርዱን ይዞ ጠፍቷል። ሌላ ባለሙያ “ሰብሬ ልግባልሽ” ብሏታል። ላስገባው ወይ ትላለች።

እኅቴ፣ እንዳታስገቢው! የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሲስተም መግባትን በወንጀል ይቀጣል። ሲስተሙ የማን እንደሆነ ገና ክርክር ባለበት ሰብረሽ ብትገቢ፣ ከሳሽ መሆን ሲገባሽ ተከሳሽ ልትሆኚ ትችያለሽ። በዚያ ላይ ውስጡ ያለው የሰው የጤና መረጃ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለእንዲህ ያለው መረጃ የተለየ ጥበቃ ይሰጣል። በሩን ለማያገባው ሰው ብትከፍቺ ለበሽተኞችሽ የምትመልሺው አንቺ ነሽ።

ዛሬውኑ ውሉን፣ የክፍያ ደረሰኙንና ከልጁ ጋር የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ሰብስቢ። ሥራውን እንዲጨርስና ፓስዎርዱን እንዲያስረክብ ቀን ቆርጠሽ በጽሑፍ አስጠንቅቂው፤ ሕጉ ውሉን አልፈጸመም ከማለትሽ በፊት ማስጠንቀቂያ ይጠይቅሻል፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1772ን ተመልከቺ። ከዚያ በዚህ ሳምንት፣ ሳታሳድሪ፣ ጠበቃ ዘንድ ሂጂ። ይህን የምልሽ ለወጉ አይደለም። መረጃው እንዳይጠፋ ከፍርድ ቤት እግድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አቤቱታው እንዴት እንደሚጻፍ የሚያውቅ ሰው ካልያዘው ቀኑ ያልፍና ሲስተሙ ባዶ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ስትሄጂ ውሉ ስለ ኮዱ ባለቤትነት ምን እንደሚል አሳዪው። የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ስላለው ክርክሩ በገንዘቡ ብቻ ላያቆም ይችላል።

እዚያው ከደብረ ብርሃን አንድ የሕግ ምሩቅ ረጅም ደብዳቤ ጽፎልኛል። በቴክኖሎጂና በንግድ ክርክር ላይ የሚያተኩር ጠበቃ መሆን ይፈልጋል። ኮዲንግ ልማር ወይ፣ አዲስ አበባ መግባት ግድ ነው ወይ፣ ደግሞስ ይህ ሥራ ቢሮ ተቀምጦ ውል የማርቀቅ እንጂ ችሎት የመቆም አይደለም ይባላል፣ እውነት ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። እውነት አይደለም። ውል የሚያረቅ ጠበቃ አለ፣ ያስፈልጋልም። ነገር ግን ውሉ ሲፈርስ የሚፈለገው ችሎት ቆሞ ጭብጡን አንጥሮ የሚያሳይ፣ ምስክር መጠየቅ የሚያውቅ ሰው ነው። የቴክኖሎጂ ክርክር የሚባለውም አብዛኛው ሲገለጥ የውል ክርክር ነው፤ አንዱ አደርሳለሁ ብሎ አላደረሰም፣ ሌላው እከፍላለሁ ብሎ አልከፈለም። ስለዚህ የመጀመሪያ ዓመታትህን በቼክ፣ በብድር፣ በሽያጭና በኪራይ መዝገቦች ላይ አሳልፍ። እነሱን የናቀ ሰው ትልቁ ፋይል ሲመጣ ክስ አጻጻፍ ሲያደናቅፈው አይቻለሁ።

ኮዲንግ ብትማር አይጎዳህም። ግድ የሚልህ ግን ባለሙያውን መጠየቅ መቻል ነው። አንድ ክርክር ላንሣልህ። የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ዕቃ ሲመዘግብ ሲስተሙ ቆመብኝ ብሎ መሰከረ። ከሰርቨሩ የወጣው መዝገብ ግን ብልሽቱን 05:02 ላይ ነው የሚያሳየው። የወዲያኛው ወገን ጠበቃ ተነሣ፦ 05:02 በእኛ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ በዚያ ሰዓት ግምጃ ቤቱ ዝግ ነው፣ ምስክሩ ይዋሻል አለ። በችሎቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አመነው። ከዚያ ለሙያ ምስክሩ ጥቂት ጥያቄዎች ቀረቡለት። ይህ ሰርቨር ሰዓት የሚቆጥረው በየትኛው አቆጣጠር ነው? በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ የሰዓት መለኪያ። ከኢትዮጵያ ሰዓት በስንት ይለያል? በ3 ሰዓት ወደኋላ። እንግዲያው 05:02 የሚለው እዚህ ስንት ሆነ? በፈረንጅ አቆጣጠር 08:02። ግምጃ ቤቱ ያለው ሰውስ ስንት ሰዓት ነው ይላል? ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ። ምስክሩ ያለው ይህንኑ ነበር። ለዚህ ኮድ መጻፍ አያስፈልግም፤ ከችሎቱ በፊት ከኮምፒውተር ባለሙያው ጋር ቁጭ ብሎ መዝገቡን መስመር በመስመር ማንበብ ነው የሚያስፈልገው።

አባቶቻችን በበላ ልበልሃ ሲሟገቱ ዳኛውም የቆመው ሕዝብም ነገሩን ተከትሎት ነበር የሚሄደው። ዛሬም ዳኛው ካልገባው እውነት ከአንተ ጋር መሆኑ ብቻውን አይፈርድልህም። በአሜሪካ ጉግልና ኦራክል የተባሉት የሶፍትዌር ኩባንያዎች ጃቫ ስለሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮድ ከ2010 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ተካስሰዋል፤ አከራካሪው 11,500 መስመር ያህል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 2 ለጉግል ሲፈርድ፣ ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ብሬየር የኮዱን ሥራ ያስረዱት ሮቦት ከአንድ ካቢኔ መሳቢያ ከፍቶ የምግብ አሠራር ወረቀት ሲያወጣ በማስመሰል ነው። እዚያ እንዲህ ከተብራራ፣ አንተም በአማርኛ ለዳኛህ ማብራራት አያሳፍርህም። እንግሊዝኛውን ቃል ደጋግሞ በመጥራት አዋቂ ለመምሰል አትሞክር።

አንድ ነገር ግን ከፊልም እንዳትማር። አሜሪካኖቹ ከችሎት በፊት አንዱ የሌላውን ሰነድና ኢሜይል በሰፊው እየጠየቁ ይቀባበላሉ። እኛ ዘንድ ማስረጃህን ከክስ አቤቱታህ ጋር ዘርዝረህ ታቀርባለህ፤ በሌላ ሰው እጅ ያለውን በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 145 ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብልህ ትጠይቃለህ። ስለዚህ ግማሹ ሥራ የሚያልቀው ክሱ ከመከፈቱ በፊት ነው። ደንበኛህ ቢሮህ የገባ ዕለት ኢሜይሉ እንዳይጠፋ፣ የርክክብ ሰነዱ እንዲገኝ፣ ሰርቨሩ እንዳይታደስ ካላስጠነቀቅኸው በኋላ የምትከራከርበት ነገር አይኖርህም።

አዲስ አበባን በተመለከተ፣ 130 ኪሎ ሜትር ነውና አትፍራው፤ ግን ለመሰደድ አትቸኩል። ደብረ ብርሃን ራሷ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የቢራና የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ማሽን ተከላው፣ የሒሳብ ሶፍትዌሩ፣ የጥሬ ዕቃ አቅርቦቱ ሁሉ በውል ነው የሚሄደው። የክልሉና የፌዴራሉ የጥብቅና ፈቃድ የተለያየ መሆኑን ግን ቀድመህ እወቅ። የፌዴራሉ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ይመራል፤ ይኸው አዋጅ ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ ፈቅዷል። ፈቃዱ እስኪደርስህ ድረስ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ገብተህ ክርክር አዳምጥ፤ ችሎት ለሁሉም ክፍት ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ውሳኔዎች የታተሙባቸውን ቅጾችም አንብብ፤ ውሳኔዎቹ በየደረጃው ያለን ፍርድ ቤት የሚያስገድዱ ናቸውና።

ከመሃል ሜዳ አንድ አባት፣ ልጄ ሕግ ተምራ “የኮምፒውተር ክርክር ጠበቃ እሆናለሁ” ትለኛለች፣ እኔ ዳኛ ብትሆን ነበር ደስ የሚለኝ ይላሉ።

አባቴ፣ ይመርቋት። ዳኛዋም የምትፈርደው ጠበቃዋ ባስረዳቻት ልክ ነው።

ከእነዋሪ ምስር ለአንድ ድርጅት ያቀረቡ ገበሬ፣ ውላችን “ክርክር ቢነሣ በግልግል ዳኝነት ይታያል” ይላል፣ ትቼው በቀጥታ ብከስስ ምን ይለኛል ብለዋል።

ፈርመውበታልና ድርጅቱ መጀመሪያ የሚያነሣው መቃወሚያ ይኸው ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 መሠረትም ፍርድ ቤቱ ወደ ግልግል ሊመልስዎት ይችላል። አንቀጹ ገላጋዩ በማን እንደሚመረጥና የት እንደሚቀመጥ ይናገር እንደሆነ ያንብቡ። የዳኝነት ክፍያ ከመክፈልዎ በፊት ውሉን ለጠበቃ ያሳዩ።