ሲቪኩ እምቢ ያለህ በፔዳልህ ምክንያት ነው

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ግራን ቱሪስሞ 7 የሚባለውን የመኪና እሽቅድድም ጨዋታ በፒኤስ 4 (ፕሌይስቴሽን 4) ትጫወታለህ። መሪና ፔዳል ያገለገለ ገዝተሃል። በቶዮታ ኤኢ86 ድሪፍት ማድረግ፣ ማለትም ኩርባ ላይ የመኪናውን ኋላ ሆን ብለህ ማንሸራተት፣ ችለሃል። ሱባሩ ኢምፕሬዛ ስትይዝ ግን ነዳጅ በሰጠህ ቁጥር ከኩርባው ወጥቶ ግድግዳ ይመታል፤ ሆንዳ ሲቪክ ደግሞ ኋላው ጨርሶ አይላቀቅም። አንድ ጥገና ቤት ፔዳሉን "አጽድተናል" ብለው መለሱልህ፣ ለውጥ የለም። መጨረሻ ላይ እንደ ቀላል ነገር ጣል ያደረግካት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ "መኪናው ቆሞም የሞተሩ ድምፅ ትንሽ ከፍ ይላል።"

እኔን የያዘችኝ እሷ ናት። ጋራዥ ሰው መጥቶ "ሚኒሞው ከፍ አለብኝ"፣ ማለትም መኪናው ቆሞ ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፣ ሲለኝ ሞተር ለመፍታት አልቸኩልም፤ መጀመሪያ የማየው የነዳጁ ገመድ ተወጥሮ እንዳልቀረ ነው። የአንተም ነገር ያው ነው። እግርህን ስታነሳ የነዳጅ ፔዳሉ ዜሮ አይገባም። ኤኢ86 ላይ ይሄ አያስታውቅም፣ ምክንያቱም በኋላ ጎማ የሚገፋ መኪና የሚንሸራተተው ነዳጅ ሲሰጠው ስለሆነ ትንሽ ትርፍ ነዳጅ ብትኖር አትጎዳህም። ሲቪክ ግን የሚንሸራተተው ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ስትለቅለት ነው። አንተ የለቀቅክ ይመስልሃል፣ የፊት ጎማዎቹ ግን አሁንም እየጎተቱ ነው። ኢምፕሬዛው ላይ ግማሹ ችግር ይሄ ነው፣ ግማሹ ደግሞ የእግርህ ልማድ ነው። እሱን ቆይቼ እነግርሃለሁ።

አሁን አረጋግጥ። ጨዋታው ውስጥ መኪናውን አቁምና እግርህን ከፔዳል አንሳ፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን የነዳጅ መለኪያ መስመር እይ። ጫፉ ላይ ትንሽ ቀለም ከቀረ በሽታው ተገኘ። ፔዳሉን ቀስ እያልክ ስትረግጥ መስመሩ እየዘለለ ከሄደ ደግሞ ፖቴንሽዮሜትሩ፣ ፔዳሉን ምን ያህል እንደረገጥክ የሚለካው ዕቃ፣ ቆሽሿል ወይም አልቋል።

መሪውን ከሶኬትም ከፒኤሱም ንቀል። ፔዳሉን ገልብጠህ ብሎኖቹን በካቻቪቴ ፍታ። ከነዳጅ ፔዳሉ ጎን፣ ጥርስ ባላት ትንሽ ፕላስቲክ የሚዞር ሦስት ሽቦ ያለው ክብ ነገር ታገኛለህ፣ እሱ ነው። በእኔ ግምት ያ ጠጋኝ ሲመልሰው አንድ ጥርስ አሳስቶ ገጥሞታል። ይሄን ብዙ አይቻለሁ። ሳይፈቱ በፊት ምልክት ማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን አያደርጉትም። የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ነፍቶበት ከሆነ ደግሞ ባሰ፤ ዘይቱ ሁለት ቀን ያሠራና አቧራ ይዞ ጭቃ ይሆናል። ትክክለኛው ነገር ተነፍቶ ወዲያው የሚደርቀው የኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይ ነው። ትንሽ ንፋበት፣ ዘንጉን ከዳር እስከ ዳር ሃያ ሠላሳ ጊዜ አዙረው፣ ይድረቅ። ያም ሆኖ ከዘለለ ቀይረው። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይተህ ያንኑ ግዛ፣ ደግሞ ርካሹን አታምጣ። ውስጡ ያለችው የካርቦን መስመር ቶሎ ትላጥና እንደገና ስትፈታ ትውላለህ።

ገጥመህ ስትሰካ መሪው ራሱ ግራና ቀኝ ዞሮ መሐሉን ይፈልጋል። በዚያን ጊዜ እጅህን አርቅ። ስትጫወትም አውራ ጣትህን ከመሪው ቀለበት ውስጥ አታስገባ፣ ከላይ አስተኛው። አውራ ጣቱ አብጦ የመጣ ልጅ አይቻለሁ፣ መሪው ሲገረፍ ጊዜ አይሰጥም።

አሁን ወደ እግርህ። ለሁሉም ሰው የምነግረው አንድ ነገር አለ፣ እሱን ከያዝክ ሌላው ራሱ ይገባሃል። ጎማ ደሞዙ የተወሰነ ሠራተኛ ነው። በዚያች ደሞዝ ሁለት ወጪ ይሸፍናል፦ ወደፊትና ወደኋላ የሚሄደው፣ ማለትም ነዳጅና ፍሬን፣ እና ወደ ጎን የሚሄደው፣ ማለትም ኩርባ ላይ መኪናውን መያዝ። ለአንዱ ካወጣ ለሌላው ይቀንሳል። ሂሳቡ ግን ቀጥታ መቀነስ አይደለም፣ የክብ ሂሳብ ነው። ጎማው ከአቅሙ 60 በመቶውን ለመጎተት ካዋለ ለጎን የሚቀረው 40 ሳይሆን 80 በመቶ ነው። 80ውን ካዋለ 60 ይቀረዋል። 100ውን ከጨረሰ ምንም አይቀረውም። አየህ፣ የመጀመሪያዋ 60 የወሰደችብህ ሃያ ብቻ ነው፤ ከ80 እስከ 100 ያለችው የመጨረሻዋ ርግጫ ግን 60 ትወስዳለች። ድሪፍት የሚፈጠረውም የሚበላሸውም እዚያች መጨረሻ ላይ ነው። ለዚህ ነው ነዳጅ ላይ ጣት እንደማንቀሳቀስ ያህል ስስ መሆን ያለብህ፣ ለዚህም ነው የሚዘል ፔዳል ይዞ ድሪፍት መማር የማይቻለው።

እና ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ ነዳጅ ስትሰጥ የማን ደሞዝ ነው የሚያልቀው?

በኋላ ጎማ በሚገፋው የኋላዎቹ ነው። ፊቶቹ ሙሉ ደሞዛቸውን ለመሪ ይዘው ይቀራሉ፣ ስለዚህ ኋላው ይሄዳል፣ ፊቱ ይመራል። የእኛ አገር ዲኤክስ ኮሮላ እንደዚህ ነው፤ ዝናብ የመታው አስፋልት ላይ ኋላው ቀለል ሲል የነዳ ሰው ያውቀዋል። ኤኢ86 በ1983 ሲወጣ የዚያ ትውልድ ኮሮላ ሴዳኖች ወደ ፊት ጎማ ዞረው ነበር፣ እሱ ግን በኋላ እንደሚገፋ ቀረ። አንተም የለመድከው እሱን ነው፦ ኋላው ሲላቀቅ መሪውን ወደሚንሸራተትበት መልስ፣ አንግሉን በነዳጅ ያዝ። ነዳጁን ድንገት ከለቀቅክ ጎማው መልሶ ይይዝና መኪናው በሌላው ወገን ይገረፋል። መሪውም አብሮ ይገረፋል፣ አውራ ጣት!

ሲቪክ ላይ የሚያልቀው የፊቶቹ ደሞዝ ነው። ይጎትታሉም ይመራሉም። የኋላዎቹ ተከትለው ከመሄድ በቀር ወጪ ስለሌላቸው አይላቀቁም። ስለዚህ የምታላቅቃቸው አንተ ነህ። ወደ ኩርባው ስትገባ መሪውን አዙር፣ ወዲያው ነዳጁን እስከ ዜሮ ልቀቅ፤ ክብደቱ ወደ ፊት ሲወድቅ ኋላው ይቀልላል። ካልበቃ በግራ እግርህ ፍሬን ነካ አድርግ ወይም የእጅ ፍሬኑን ለቅጽበት ያዝ። ኋላው ከሄደ በኋላ ነዳጅ የምትሰጠው ለመንሸራተት ሳይሆን ለመዳን ነው፤ ፊቱ ጎትቶ ያቃናሃል። ረጅም ድሪፍት ከሲቪክ አትጠብቅ። የፍሬኑን ሚዛን ወደ ኋላ ማድረግ፣ ለኋላ ደግሞ ከፊቱ የደከመ ጎማ መግጠም ይረዳል።

ኢምፕሬዛው አራቱም ይጎትታሉ። አንተ እንደ ኤኢ86 ኩርባው ውስጥ ከገባህ በኋላ ነዳጅ ስትረግጥ የፊቶቹም ደሞዝ አብሮ ያልቅና ግድግዳው ጋ ትደርሳለህ። እዚህ መኪናውን የምታዞረው ነዳጅ ከመስጠትህ በፊት ነው። ከኩርባው ቀደም ብለህ ወደ ተቃራኒው ጎን ትንሽ አዙር፣ ነዳጅ ልቀቅ፣ ፍሬን ነካ፣ ከዚያ ወደ ኩርባው ወርውረው። የራሊ ሰዎች የሚሠሩት ይሄን ነው። አፍንጫው ወደ ውስጥ ሲያይ ሙሉ ነዳጅ ስጠው፣ አትፍራ፤ አራቱም ጎማ እየተንሸራተተ ወደሚያይበት ይጎትትሃል። መሪውን እንደ ኤኢ86 ብዙ አትመልስ፣ ብዙ ከመለስክ የፊት ጎማዎቹ ይዘው ወደ ውጭ ይወስዱሃል። የሞተሩን ኃይል ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለውን ማከፋፈያ ጨዋታው ውስጥ ገዝተህ ፊት 30፣ ኋላ 70 አካባቢ አድርገው። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ጎማ ቀይረው ይልሃል፣ አትስማ፤ መጀመሪያ ባለበት ተማረው።

ትራክሽን ኮንትሮልና ኤኤስኤም፣ መኪናው እንዳይንሸራተት የሚይዙት የጨዋታው ረዳቶች፣ ዜሮ መሆናቸውንም እይ። እነሱ ካልጠፉ ነዳጁን ከእግርህ ይቀሙሃል።

ልምምዱን ጨዋታው ውስጥ ባለው የጹኩባ ትራክ ላይ አድርገው፣ የመጀመሪያው ጠባብ ኩርባ ላይ፣ በሁለተኛ ማርሽ። በሲቪኩ ጀምር፣ የፔዳሉን ጥገና የሚፈትንልህ እሱ ነውና። የነዳጁ መስመር ዜሮ ገብቶም ኋላው እምቢ ካለህ፣ በስንት ፍጥነት እንደምትገባና ነዳጁን የት ላይ እንደምትለቅ ጽፈህ ላክልኝ። አውራ ጣትህንም ከመሪው ውስጥ አውጣ።