ወንዝ የሚጋሩ የአሜሪካ ስቴቶች እንዴት ይስማማሉ? ጥያቄና መልስ

የወንዝ ብክለትን ለመቆጣጠር ስቴቶች ስለሚገቡት ስምምነት ብዙ ጠይቃችኋል፣ በተራ ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ስቴቶች በራሳቸው ተፈራርመው መጨረስ ይችላሉ?

መልስ፦ አይችሉም። የየስቴቱ ምክር ቤት በሕግ ያጸድቀዋል፣ ኮንግረስም መስማማት አለበት። የ1972ቱ የንጹህ ውሃ ሕግ እንዲህ ያሉ ስምምነቶችን ያበረታታል፣ የኮንግረስን ይሁንታ ግን አላስቀረም።

ጥያቄ፦ የኦሃዮ ወንዝ ኒው ዮርክን አይነካም፤ ታዲያ ለምን የኦሃዮ ወንዝ ስምምነት አባል ሆነች?

መልስ፦ አሌጌኒ የሚባለው ወንዝ በእሷ በኩል አልፎ ነው ወርዶ ከሌላ ወንዝ ጋር ኦሃዮን የሚፈጥረው። እዚያ የተደፋ ፍሳሽ ታች ላሉት ይደርሳል። በ1948 በወንዙ ዳር ባለችው ሲንሲናቲ ከተማ የፈረሙት ስምንቱ ስቴቶች ገባሮቹንም ያሰቡት ለዚህ ነው፣ ትክክልም ነበሩ።

ጥያቄ፦ በዚህ ስምምነት የተቋቋመው የኦሃዮው ኮሚሽን ወንዙን የሚበክል ፋብሪካን ማስገደድ ይችላል?

መልስ፦ በወረቀት ላይ አዎ። ግን ትእዛዙ እንዲጸና የአብዛኞቹ ስቴቶች ድጋፍ ያስፈልጋል፣ በዚያ ላይ ፋብሪካው ያለበት ስቴት ኮሚሽነሮች አብላጫ ድምፅ የግድ ነው። እያንዳንዱ ስቴት ሦስት ኮሚሽነር ስላለው ሁለቱ እምቢ ካሉ ነገሩ አበቃ። ፋብሪካው ሥራ የሚሰጥበት፣ ግብር የሚከፍልበት ስቴት በገዛ ፋብሪካው ላይ እጁን እንዲያወጣ መጠበቅ ከባድ ነው፤ ለእኔ ትልቁ ክፍተት ይሄ ነው። ይባስ ብሎ በ2019 ኮሚሽኑ የብክለት መለኪያዎቹን ስቴቶች ከፈለጉ ብቻ እንዲጠቀሙባቸው አደረገ። በጣም አዝኛለሁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ለማስጠንቀቂያው! በ2014 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ኬሚካል ኤልክ ወንዝ ገባ። ወደ ኦሃዮ ሲወርድ ኮሚሽኑ ጉዞውን ይከታተል ስለነበር ሲንሲናቲ ቀድማ የውሃ መሳቢያዋን ዘጋች፣ እስኪያልፍም ጠበቀች። ይህን አንድ ስቴት ብቻውን አይሠራውም።

ጥያቄ፦ የፌዴራል መንግሥትስ?

መልስ፦ የደላዌር ወንዝን ስምምነት እዩ፣ 1961። ወንዙን የሚጋሩት አራት ስቴቶች አገረ ገዥዎችና የፌዴራሉ ተወካይ እኩል አንዳንድ ድምፅ አላቸው። እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ስቴት ቢሰለቸው መውጣት ይችላል?

መልስ፦ ውሉን ማንበብ ነው። በ2023 ኒው ጀርሲ ከኒው ዮርክ ጋር ከነበራት የወደብ ኮሚሽን መውጣት ትችላለች ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወስኗል፣ ምክንያቱም ውሉ ስለ መውጣት ምንም አይልም ነበር። ወሰን የሚያካልል ወይም የውሃ ድርሻ የሚያከፋፍል ውል ግን በዚህ ውሳኔ አይነካም። ስለዚህ ስቴታችሁ አዲስ ስምምነት ልትገባ ከሆነ የመውጫው አንቀጽ አሁኑኑ እንዲጻፍ ለምክር ቤት ተወካዮቻችሁ ንገሩ።