ነገ የሚያስተምረው ማን ነው?

በየቤተ እምነቱ ያላችሁ ወጣቶች፣ ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ መጀመሪያ በዐቃቤ ሕግነት፣ ኋላም በጠበቃነት ፍርድ ቤት ስመላለስ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ግን በሙያዬ ኮርቼ ሳይሆን አንድ እሁድ ዝም ብዬ ስለ ተቀመጥኩ ነው።

የምኖረው ደሴ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከሰፈሩ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ድምፅ ማጉያው የሚናገረው ሁሉ ቁልቁል ወርዶ በየግቢው ይገባል። በዚያ እሁድ ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ሰባኪ ስለ ጾም ጀመረና መሐል ላይ ወደ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዞረ። በእምነታቸው ላይ ክርክር ቢያነሣ ግድ አልነበረኝም። እሱ ግን ስለ ሱቃቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ብዛት አወራ፤ መጨረሻ ላይም «ከእነርሱ አትግዙ» አለ። ምእመኑ ሳቀ፣ እልል ያለም ነበር። የጥላቻ ንግግርን ከነአንቀጹ የማውቀው እኔ ነጠላዬን አስተካክዬ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ በአጥር የምንዋሰናቸው ሐጂ እንደ ወትሮው «እንዴት አደርክ?» አሉኝ። ልጄን የዳርኩ ጊዜ የሙስሊም እንግዶቼን በግ ያረዱልኝ እሳቸው ነበሩ። ቡና ሲፈላ ልጅ ልከን ብናስጠራቸው ግን አልመጡም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀሩ።

እኔም እንደ ለመድኩት መጀመሪያ የገለጥኩት ሕጉን ነው። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል፤ ንግግሩን ተከትሎ ጥቃት ከተፈጸመ ደግሞ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ይደርሳል። ይኸው አዋጅ በልዩ ሁኔታ ከክልከላው ውጪ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ የሃይማኖት ትምህርት ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል። ይህን ጉድለት ነው የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እኔ አልልም። ፖሊስ በጁምዓ ስብከት፣ በኹጥባ ላይ ተቀምጦ ቃል የሚለቅምበት አገር አልመኝላችሁም። ነገር ግን ዐውደ ምሕረት ላይ የተነገረ ሁሉ ትምህርት አይደለም፤ «ተሳስተዋል» እና «አትግዙ» መካከል ያለውን ድንበር ደግሞ ከዳኛ ቀድሞ የሚያየው ከፊት ረድፍ የተቀመጠው ምእመን ነው። ዳኛ ዘንድ ሲደርስማ የፈሰሰው ፈስሷል። አዋጁ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ጎጃም ሞጣ ከተማ ውስጥ መስጊዶች የተቃጠሉትና ሱቆች የተዘረፉት ቤተ ክርስቲያን ላይ እሳት ተነሣ የሚል ወሬ ከተናኘ በኋላ ነበር።

የሰፈራችን እድር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት ነው። የእድሩ ዳኛ ከየቤተ እምነቱ ሦስት ሦስት ሰው ጠራ፤ ከሰበካ ጉባኤው፣ ከመስጊዱ ኮሚቴ፣ ከፕሮቴስታንቶቹም መጡ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ስብሰባ ከስብከቱ የባሰ ነበር። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ የሌላውን ሰባኪ ያሰማል። «የእናንተው ኡስታዝ ምን እንዳለ ስሙ!» «የእናንተውስ ዘማሪ?» ሁለት ሰዓት እንዲህ አለቀ። እዚያው ሻይ ሲያድሉ የቆዩ አንዲት እናት በመጨረሻ ትሪውን አስቀመጡና «ሁላችሁም የሰው ቤት ጥራጊ ይዛችሁ መጣችሁ፤ በሚቀጥለው የየቤታችሁን ይዛችሁ ኑ» አሉ።

በሚቀጥለው ሰው ቀነሰ። የመጣነው ግን የየራሳችንን ይዘን መጣን። እኔ የዚያን እሁድ ቅጂ ከፈትኩ፤ ሳቁ ሲመጣ ቀና ማለት አቃተኝ። ከመስጊዱ የመጣው ወጣት ደግሞ የክርስቲያን ለቅሶ የሚደርስ ሙስሊም እምነቱ ጎድሏል የሚል የአንድ አስተማሪ ድምፅ አሰማ። የእኛ እድር ላይ የተሰነዘረ መጥረቢያ መሆኑ ነው። ፕሮቴስታንቱ ወንድማችን የራሱን ሲያሰማ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለን ደንብ ይኸው ብቻ ነው፤ ማንም የራሱን እንጂ የሌላውን ቤት አይከስስም።

ናይጄሪያ ካዱና ውስጥ ኢማም ሙሐመድ አሻፋና ፓስተር ጄምስ ዉዬ የሚባሉ ሁለት ሰዎች አሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጅ አቆጣጠር በነበረው ግጭት በየወገናቸው ታጣቂ ወጣቶችን የሚመሩ ነበሩ። ዉዬ ክንዱን አጣ፤ አሻፋ መምህሩንና ዘመዶቹን ቀበረ። ሁለቱም በቀል ሲያቅዱ ቆይተው በዚያው አቆጣጠር በ1995 አብረው መሥራት ጀመሩ። እኔን የገረመኝ የተመለሱበት መንገድ ነው። አሻፋን የመለሰው በራሱ መስጊድ የሰማው ስለ ይቅርታ የተነገረ ኹጥባ ነው፤ ዉዬንም የገሠጸው የራሱ ወገን ሰባኪ ነው።

እናንተን በተመለከተ የታዘብኩትን ልንገራችሁ። ሰባኪው ይናገራል፤ ማይክሮፎኑን የሚያስተካክለው፣ የሚቀርጸው፣ ቆርጦ የሚለቀው ግን ከእናንተ አንዱ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቱም የመስጊዱ ጀማዓም ካሜራ በእናንተ እጅ ነው። የአንድ ሰዓት ትምህርት ውስጥ ብዙ ሰው የሚያየው ሃያዋን ሰከንድ ስድብ መሆኑን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ሰባኪውም ያውቃል፤ ለሚቀጥለው ሳምንት የሚዘጋጀው በዚያች ሃያ ሰከንድ ነው። እንግዳ ሲጋበዝ ቅዳሜ ማታ ደውላችሁ «ነገ የሚያስተምረው ማን ነው? ማን ጋበዘው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ቀላል ጥያቄ ስንት ሰው እንዳስቀረ ብነግራችሁ አታምኑም። ሰባኪው ከሳተም በአደባባይ አታዋርዱት፤ በአደባባይ የተዋረደ ሰው ተከታይ ያፈራል። አንድ የሚያከብረውን ሽማግሌ ይዛችሁ፣ ማንም ሳይቀርጽ፣ ሄዳችሁ ንገሩት። የእኛን እንግዳ ያነጋገሩት የንስሐ አባቱ ናቸው። ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ተመልሶ መጥቶ ስለ ጾም ብቻ አስተማረ።

ሰባኪ ሁሉ «ሃይማኖቴ እውነት ነው» ማለቱን እንዲተው አትጠይቁ። እንዲህ ያለ ኅብረት ወር አይቆይም፤ ባይቆይም አላዝንለትም። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ባነር ተሰቅሎ፣ መስቀልና ጀለቢያ ጎን ለጎን ቆሞ ፎቶ የሚነሣበትንም ስብሰባ አልጠላም፤ ሻዩ ደግ ነው። ነገር ግን ሳቁን የሰማሁት እዚያ አዳራሽ ውስጥ አይደለም።

ሐጂን በአራተኛው ሳምንት ራሴ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። «የዚያን እሁድ እዚያ ነበርኩ፤ ዝም አልኩ» አልኳቸው።

«መኖርህን አውቃለሁ» አሉኝ። «ሰውዬው አይደለም ያመመኝ። በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ሳቁ ውስጥ የአንተን ድምፅ ስፈልግ ነበር።»

«እኔኮ አልሳቅኩም።»

«እሱን ከዚህ በምን ልወቀው? የምሰማው የሚስቀውን ብቻ ነው።»

ጫማቸውን አጠለቁና ተከተሉኝ። አቦሉ አልፎ ነበር፤ ቶናው ላይ ደረሱ።