የኩላሊት ጠባሳና ኢንዛይሞቹ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

የደብረ ማርቆስ መምህርት፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው እናታቸው ኩላሊታቸው ጠባሳ መያዙ እንደተነገራቸው ገልጸው፣ ጠባሳ የሚያሟሙ ኢንዛይሞች በሰውነታችን ካሉ ለምን በመርፌ እንደማይሰጡ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ የእንቁራሪት ግልገል ጅራቱን የሚያጣው በምን እንደሆነ ሲጠና በ1962 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የታወቀው እነዚህ ኢንዛይሞች፣ ማትሪክስ ሜታሎፕሮቲኔዝ (በአጭሩ ኤምኤምፒ) ይባላሉ፤ ኮላጅን የተባለውን የሰውነት ማያያዣ ፕሮቲን ይቆራርጣሉ። ጠባሳም በአብዛኛው ኮላጅን ነውና ሐሳብዎ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የኩላሊት ቱቦ ሕዋሳት የተደገፉበት ስስ ሽፋንም ከኮላጅን የተሠራ ስለሆነ፣ ጉዳቱ ገና ሲጀምር ኤምኤምፒ-2 እና ኤምኤምፒ-9 ይህን ሽፋን ይቦረቡሩታል፤ ታስሮ የነበረውን ቲጂኤፍ-ቤታ የተባለ መልእክተኛም ይለቁታል፤ እርሱም ኮላጅን የሚያመርቱትን ሕዋሳት ይቀሰቅሳል። ጉዳቱ ሲቆይ ደግሞ ቲምፕ-1 የተባለው ፕሮቲን በዝቶ የኢንዛይሞቹን እጅ ያስራል፤ ሊሲል ኦክሲዴዝ የተባለ ሌላ ኢንዛይም የኮላጅኑን ክሮች እርስ በርስ ያቆላልፋቸዋልና ጠባሳው በቀላሉ የማይፈርስ ይሆናል። ያው ኢንዛይም በመጀመሪያ አጥፊ፣ በኋላ ደግሞ አጽጂ ሊሆን ስለሚችል፣ መቼና የት እንደሚሠራ ሳይታወቅ በመርፌ መስጠት አደገኛ ነው፤ የኩላሊትን ጠባሳ እንዲያሟሟ የተፈቀደ መድኃኒትም የለም።

እጅግ የሚያሳስበኝ፣ ብዙዎቻችን ወደ ምርመራ የምንሄደው እግራችን ሲያብጥ መሆኑ ነው። በስኳር ሕመም ክሬአቲኒን (ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጠራቀም ቆሻሻ) ከመጨመሩ በፊት አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን በሽንት ውስጥ ሊታይ ይችላል፤ ስኳር ያለበት ሰው ይህን ምርመራ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ማድረግ አለበት። እናትዎ የደም ግፊታቸውንና ስኳራቸውን ይቆጣጠሩ፤ እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶች ይስማሟቸው እንደሆነም ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ከፍኖተ ሰላም፦ የፓፓያ ኢንዛይም ጠባሳውን ያሟሟል?

መልስ፦ አያሟሟም፤ ተበልቶ ኩላሊት ዘንድ የሚደርስ ኢንዛይም አይደለም።

የቢቸናው ወጣት፣ ዶክሲሳይክሊን የተባለው ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት እነዚህን ኢንዛይሞች እንደሚገታ አንብቦ ኩላሊታቸውን ለታመሙት አባቱ ገዝቷል፤ አባቱ ለወገብ ሕመማቸው ዲክሎፌናክም ይወስዳሉ።

መልስ፦ ያነበብከው እውነት ነው፤ በዚሁ ጠባዩ 20 ሚሊግራም ዶክሲሳይክሊን ለድድ ሕመም ይታዘዛል። የኩላሊት ጠባሳ ሕክምና ግን አይደለምና አትስጣቸው። ይልቁንም ዲክሎፌናክ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ስለሚቀንስ፣ የታመመ ኩላሊትን ይጎዳል። ቀጠሮ ሳትጠብቅ በዚህ ሳምንት ሆስፒታል ውሰዳቸው፤ የሚውጡትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ለሐኪሙ አሳየው።